ምድጃም ይሟሻል፦ የማቅለጫ ምድጃ ሽፋን ለምን ይረግፋል፣ ለምን ይበላል፣ ምን ይደረግለታል

ነፋሹ ይሠራል፣ ኮኩ (ከድንጋይ ከሰል የሚሠራው ማገዶ) ደረቅ ነው፣ የብረት መውጫው ቀዳዳ ተከፍቷል፣ የውጭው ላሜራ በእሳት ተበልቶ አልተበሳም ብዬ ነው የምነሣው። እነዚህን ሳያይ ሽፋን ለማፍረስ መዶሻ ያነሣ ካለ ተመልሶ ይያቸው። የምጽፈው ጎንደርና ዙሪያዋ ባሉ ትንንሽ የብረት ማቅለጫዎች እየተጠራሁ ስጠግን ስለ ደጋገመኝ ነገር ነው። የወፍጮ ፑሊ፣ የቦይ ክዳን፣ የምድጃ ሰሌዳ የሚያወጡ ቤቶች ናቸው። አብዛኞቹ በኮክ የሚሠራ ኩፖላ (እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ የቆመ የማቅለጫ ምድጃ) አላቸው፤ ጥቂቶቹ በተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚነድ ምድጃ። ውስጣቸው እሳት በሚችል ጡብ ወይም በከረጢት በሚመጣው የእሳት ኮንክሪት (ካስተብል እንለዋለን) የተሸፈነ ነው። ብረቱ ከ1,300 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሲቀዳ በእሱና በሠራተኛው እግር መካከል ያለው ያ ሽፋን ብቻ ነው።

አዲሱ ሽፋን በመጀመሪያው እሳት ይረግፋል ወይም ይፈነዳል

ዘወትር የማየው ይህን ነው። ሽፋኑ አዲስ ነው፣ ላዩ ያምራል፣ በእጅ ሲነካ ደረቅ ነው። እሳቱ በተለኮሰ በሰዓት ውስጥ ከግድግዳው ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ ጧ ይላል። የመዳፍ ስፋት፣ የሁለት ጣት ውፍረት ያለው ቅርፊት ተነሥቶ ይወድቃል፤ ከሥሩ የሚታየው ግራጫ ገና ጠቆር ያለ፣ እርጥብ ነው። ባለቤቱ ይደውላል። የመጀመሪያ ቃሉ ሁሌም አንድ ነው፦ «ዕቃው የውሸት ነው።»

ዕቃው የውሸት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ እመጣበታለሁ። እዚህ ግን ጥፋተኛው ውኃ ነው። አንድ ሊትር ውኃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። በደንብ የተጠቀጠቀ ሽፋን ውስጥ ያ ቦታ የለም፤ እንፋሎቱ በዝግታ ሾልኮ ካልወጣ ግድግዳውን ገፍቶ ይወጣል። እኛ ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 አካባቢ ይፈላል። «ገና መቶ አልደረሰም» እያለ ነፋሹን የሚከፍት ሰው እዚህ ተሸውዷል።

ውኃው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም ያለው። ለማቡካት ከጨመርነው የተረፈው መጀመሪያ፣ መቶ አካባቢ ይወጣል። ሁለተኛው ከእሳት ሲሚንቶው ጋር ተዋህዶ ድንጋይ የሆነው ነው፤ እሱ እጁን የሚሰጠው ከ200 እስከ 350 ባለው ነው። ሦስተኛው በራሱ በሸክላው አፈር ውስጥ የታሰረው ሲሆን ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ድረስ አይለቅም። ስለዚህ እጅ ነክቶ «ደርቋል» ማለት ከሦስቱ የአንደኛውን፣ ያውም የላዩን ብቻ መመርመር ነው።

ባለፈው ነሐሴ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ ቤት ጠራኝ። ሐሙስ የተሞላ ሽፋን ቅዳሜ ጠዋት በሙሉ ነፋስ ነድዷል፤ አንድ ወፍጮ ቤት ፑሊው ተሰብሮበት ቆሞ ስለነበር ባለቤቱ ቸኩሏል። ከላይኛው በር የወጣው ቁራጭ ግቢውን ተሻግሮ የጎረቤቱን የማገዶ ቤት ቆርቆሮ በስቶታል። ሠራተኞቹ ቡና ላይ ስለነበሩ ሰው አልተነካም። «ጋሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ፍም አስቀምጬበት ነበር እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አስቀምጧል። ግን ሙቀቱ እንዳያመልጥ ብሎ የላዩን ክዳን ገጥሞበታል። ከታች የተነሣው እንፋሎት መውጫ አጥቶ ከላይ ያለው ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ተመልሶ ውኃ ሆኗል። የታችኛው ሲደርቅ የላይኛው ጠጥቷል። የፈነዳውም ያው የላዩ ነው።

ያን ሰሞን ለብረት መውጫው ቀዳዳ መድፈኛ የሚሆን ሸክላ አፈር ልገዛ ሸክላ ሠሪዎች ወዳሉባት ወለቃ ሄጄ ነበር። አንዲት እናት ጥላ ሥር ካስደገፏቸው ምጣዶች አንዱን ብድግ አድርገው ጉንጫቸው ላይ ለጠፉት። «ይቺ ገና ናት» ብለው መለሷት። ምን አይተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ቀዘቀዘችኝ። የሚቀዘቅዝ ውኃ አለው።» ከዚያ የእኔን ሥራ ጠየቁኝና ስለ ቅዳሜው ፍንዳታ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «እናንተ ምድጃውን ሳታሟሹት ነው እንዴ የምታነዱት?»

ከዚያ ወዲህ ሌላ ቃል አልጠቀምም። ያልሟሸ ምጣድ ላይ በሙሉ እሳት ሊጥ የሚያፈስ ቤት የለም፤ ከምጣዱ መቶ እጥፍ የሚያወጣ ኩፖላ ግን በየክረምቱ ሳይሟሽ ይነድዳል።

*ማሟሸቱ እንዲህ ነው።*

ከማቡካቱ ይጀምራል። ውኃው የሚጠጣ ውኃ ይሁን፣ መጠኑም ከረጢቱ ላይ የተጻፈው። 10 በመቶ ከተባለ ለ25 ኪሎ ሁለት ሊትር ተኩል ነው፣ በቃ። በላስቲክ ቱቦ በዓይን ግምት የሚለቅ ግንበኛ ካያችሁ ቱቦውን ንጠቁት። የተትረፈረፈ ውኃ ሲደርቅም ችግር፣ ከደረቀ በኋላም ችግር ነው፤ የነበረበት ቦታ ባዶ ቀርቶ ሽፋኑ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። መጠኑን ለማረጋገጥ የጡጫ ያህል አድቦልቡላችሁ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ወደ ላይ ወርወር አድርጋችሁ ቅለቡት። እጅ ላይ ከተበተነ ውኃ ጎድሎታል፤ በጣቶች መካከል ከፈሰሰ በዝቶበታል፤ ጠፍጠፍ ብሎ ሳይሰነጠቅ ከተቀመጠ ልክ ነው።

ከተሞላ በኋላ ለ24 ሰዓት በላስቲክ ተሸፍኖ ይቀመጥ። ሲሚንቶው በዚህ ጊዜ ውኃውን ይፈልገዋል፤ ፀሐይ ላይ ማስጣት ያበላሸዋል። በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ስለሚያዘገየው ጆንያ ደርቡበት። ቅርጹ ከወጣ በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ክፍት ሆኖ ነፋስ ይምታው።

ከዚያ እሳት። ለአሥር ሳንቲ ሜትር ውፍረት የምጠቀምበት ይህ ነው፦ እስከ 110 ዲግሪ በሰዓት ከ20 ዲግሪ ሳይበልጥ፣ እዚያ ላይ 8 ሰዓት መቆም። ወደ 350 በሰዓት ከ25 ሳይበልጥ፣ እዚያ 6 ሰዓት። ወደ 600 በሰዓት 30፣ እዚያ 5 ሰዓት። ከዚያ በኋላ በሰዓት 50 እያሉ እስከ ሥራ ሙቀት። ሲደመር 55 ሰዓት አካባቢ ይመጣል። ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። ደግሞ ማፍረስ፣ ደግሞ መግዛት፣ ደግሞ መሙላት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የዚያን የአዘዞ መንገድ ሰውዬ ጠይቁት። ውፍረቱ ከበለጠ መቆሚያዎቹን አርዝሙ።

የላዩ በር ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። መጀመሪያ ፍም በብረት ቅርጫት መሐል ላይ ተንጠልጥሎ እንጂ ግድግዳ ተደግፎ አይቀመጥ፤ ቀጥሎ ቀጭን እንጨት፣ መጨረሻ ላይ ኮክ በትንሽ ነፋስ። ጠሽ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እሳቱን አትጨምሩ፣ አትቀንሱም፤ ባለበት አቁሙት ድምፁ እስኪጠፋ። እሳቱን አውጥታችሁ ደግማችሁ ብትጀምሩ የባሰ ነው።

ሙቀት መለኪያ ያለው ይለካ፤ ለማሟሸት ኬ የሚባለው ዓይነት ተርሞካፕል ይበቃል። የሌለው ደግሞ እንደ እኔ ያድርግ። መውጫው አጠገብ ሽፋኑ ላይ ትንሽ የሬዲዮ መበየጃ ሊድ አስቀምጡ፤ ከቀለጠ ወደ 190 ደርሳችኋል። ንጹሕ እርሳስ (ማዕድኑ)፣ የሽንብራ ፍሬ ታህል፣ በ327 ትቀልጣለች፤ ጭሷ መርዝ ስለሆነ አፍንጫችሁን አታቅርቡ፣ ከዚያም ጥረጉት። በጨለማ ስታዩት ግድግዳው ጭል ጭል የሚል ጥቁር ቀይ ከሆነ 500 አልፏል። የአሉሚኒየም ሽቦ በ660 ስለሚቀልጥ እሱ ከወደቀ ሦስተኛውን መቆሚያ አልፋችሁታል። ውኃው ማለቁን ለማወቅ ቀዝቃዛ ላሜራ በላዩ በር ላይ ለደቂቃ ያዙ፤ ላብ ካቀረረ ገና ነው። ግን የእንጨት እሳት ራሱ እንፋሎት ስላለው ይህን በፍም ወይም በኮክ ላይ ሆናችሁ ሞክሩት።

ሁለት ነገር ልጨምር። ላሜራው ላይ በየሁለት ስንዝሩ የመጻፊያ እርሳስ ውፍረት ያለው ቀዳዳ ብሱ፣ ውኃ ወደ ኋላም ይውጣ። ካስተብሉ ውስጥ ደግሞ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው የፕላስቲክ ጭረት ያለበትን ብታገኙ ግዙት፤ ጭረቱ 160 ዲግሪ አካባቢ ቀልጦ የፀጉር ያህል ቀጫጭን መንገድ ለእንፋሎቱ ትቶ ይሄዳል። የጭቃ ቤት ልማድ ይዞ ጭድ የሚጨምር አጋጥሞኛል። ጭድ የሚቃጠለው እንፋሎቱ ጉዳቱን ካደረሰ በኋላ ነው፤ የሚተርፈው ብረት የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ከኋላ ላለው ሙቀት ማገጃ ይሁን፤ ብረት በሚነካው ፊት ላይ በጭራሽ።

መቅጃው ባልዲ ውስጥ ብረቱ ይንተከተካል

ያው ውኃ ነው፣ በትንሹ ዕቃ። መቅጃው በሸክላ ተለቅልቆ ፀሐይ ላይ ውሎ «ደረቀ» ይባላል፣ ብረት ይቀዳበታል፣ ብረቱ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ሽሮ ሲተፋ ክንድ ያቃጥላል። ይህ ሲተፋ ጫማ በስቶ ያልፋል። አንድ ወጣት የግራ እግሩን አውራ ጣት ጥፍር አጥቶበታል፤ ያደረገው ሸራ ጫማ ነበር። በሸራ ጫማ ብረት የሚቀዳ ልጅ ያየሁበት ግቢ ሁለተኛ ሥራ አልሠራም።

መቅጃው በእሳት እስኪቀላ ይሙቅ። ሙቅ ሳለ ይቀዳበት፤ ትናንት የሟሸ ዛሬ ጠዋት በጤዛ ጠጥቷል። ማማሰያው ዘንግ፣ ቆሻሻ መግፈፊያው፣ ቁርጥራጭ ብረቱም ሳይቀር ይሙቅ። በተለይ ሁለቱም ጫፉ የተዘጋ ቱቦ ወደ ምድጃ አይግባ። ደግሜ ልበለው፦ የተዘጋ ቱቦ፣ የአሞርቲዘር ሲሊንደር፣ ውኃ የቋጠረ የሞተር ብሎክ አይግባ። ቦምብ ነው።

ሽፋኑ ማቅለጡን ችሎ፣ ከሳምንት በኋላ ዱቄት ይሆናል

የቤት ሲሚንቶ ተቀላቅሎበታል። ግንበኛው «ይጠንክርልን» ብሎ ነው የሚጨምረው፣ ወይም ካስተብሉ ሲወደድበት። የቤት ሲሚንቶ ሲደርቅ በውስጡ የሞላው የሟሟ ኖራ 450 ዲግሪ አካባቢ ውኃውን አጥቶ ጥሬ ኖራ ይሆናል። ምድጃው ሲቀዘቅዝ ያ ኖራ ከአየሩ እርጥበት መጠጣት ይጀምራል፣ ያብጣል፣ ግድግዳው ከውስጥ ይፈርሳል። ሐምሌ ላይ ይህን ለማየት ሳምንት አይፈጅም። መድኃኒት የለውም፤ አፍርሱት። የእሳቱ ሲሚንቶ ካልሲየም አሉሚኔት ነው፣ ሌላ ዘር ነው። ስማቸው ስለገጠመ ወንድማማች አይደሉም። በነገራችን ላይ የቤት ሲሚንቶ የቦካበትን አካፋና በርሜል ሳታጥቡ ካስተብል ብታቦኩበት እጃችሁ ላይ እያለ ሊደርቅባችሁ ይችላል።

ከአየር ማስገቢያው በላይ ሽፋኑ እንደ ቀበቶ ዙሪያውን ይበላል

እዚህ ጋ የሚበላው ስላጉ ነው፣ ከቀለጠው ብረት ላይ የሚንሳፈፈው ቆሻሻ። ብዙ ሰው ስላግን እንደ ጥራጊ ብቻ ያየዋል። ስላግ ግን በኬሚካል ቋንቋ ወገን አለው፣ ሽፋኑም ወገን አለው። ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ክፍል) እና የሸክላ ጡብ አሲዳማ ናቸው። ኖራና ማግኒዥያ (የማግኒዥየም ኦክሳይድ) የአሲድ ተቃራኒ፣ ቤዚክ ናቸው። አንድ ወገን የሆኑ ተቻችለው ይኖራሉ፤ የተለያዩ ከሆኑ አንዱ ሌላውን አቅልጦ ይጠጣዋል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የፋሲልን ግንብ ድንጋይ ከድንጋይ አያይዞ ያቆመው ኖራ ያው ነው፤ እኛ ምድጃ ውስጥ በ1,400 ዲግሪ ሲገባ ጡብ በላተኛ ይሆናል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሁለት ነው። አንደኛው «ብረቱ ይጥራ» ተብሎ የኖራ ድንጋይ በአካፋ መዛቅ። ለሸክላ ጡብ ኩፖላ ከኮኩ ክብደት ከ20 እስከ 30 በመቶ ይበቃል። 10 ኪሎ ኮክ ከገባ ቢበዛ 3 ኪሎ። ሚዛን ይኑራችሁ፤ አካፋ ሚዛን አይደለም።

ሁለተኛው ዝገት ነው፣ ይህን ማንም አይጠረጥረውም። የብረት ዝገት ከሲሊካ ጋር ሲገናኝ ፋያላይት የሚባል ነገር ይፈጠራል፤ እሱ 1,200 ዲግሪ አካባቢ ቀልጦ ይፈሳል። ብቻውን 1,700 ዲግሪ የሚችለው ሲሊካ ዝገት ስላገኘው ብቻ በ500 ዲግሪ ቀድሞ እጁን ሰጠ ማለት ነው። ለዓመታት ዝናብ ሲወርድበት የኖረ ቁርጥራጭ እንዳለ ወደ ምድጃ የሚገፋ ሰው ጡቡን አብሮ እያቀለጠ ነው። በሽቦ ብሩሽ ፈቅፍቁት፣ ወይም በርሜል ውስጥ አስገብታችሁ አንከባሉት፣ ዝገቱ ይራገፍ። ቀጭን ቆርቆሮ አታብዙ።

ስለ ቆርቆሮ ካነሣሁ፦ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይተናል። ትነቱ በጡቡ ስንጥቅ ገብቶ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀመጥና ጡቡን ይፈለቅቃል። ነጩን ጭስ የሳበ ሠራተኛ ማታ ብርድ ብርድ ብሎት ይንቀጠቀጣል፤ ወባ መስሎት ክሊኒክ የሄደ አውቃለሁ። አሮጌ ክዳን በርካሽ ስለተገኘ ብቻ አይገባም።

ምድጃው ውስጥ ያለውን ለማወቅ ስላጉን እዩት። ቀዝቅዞ ሲሰበር እንደ ጠርሙስ አረንጓዴ ወይም ቡናማ መስታወት ከሆነ ደህና ነው። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅና ከባድ ከሆነ ዝገት በዝቷል፣ ወይም ነፋሱ ብረቱን እያቃጠለው ነው። ደብዛዛ፣ ድንጋይ የመሰለ ግራጫ ከሆነ ኖራ በዝቷል። እኔ ከእያንዳንዱ ማቅለጥ አንድ ቁራጭ ወስጄ ቀን ጽፌ መስኮት ላይ እደረድራለሁ። ከአንድ ቤት የመጡ ሰባት ቁራጮች ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ሲሄዱ አይቼ፣ ሰውዬው ሳይነግረኝ፣ ቁርጥራጭ የሚገዛበትን ቦታ እንደቀየረ አወቅሁ።

ጡቡ ራሱ ይለሰልሳል፣ ይዘነብላል

የእሳት ጡብ አይደለም። አሁን ወደ ውሸቱ ዕቃ መጣሁ። ከፈረሰ ዳቦ ቤት የወጣ፣ ተጠርቦ የተቀባ፣ ቢጫ አፈር የተለቀለቀ የግንባታ ጡብ እንደ እሳት ጡብ ሲሸጥ አይቻለሁ፤ ሻጩ ደግሞ አይኑን አያሽም። ተራ ቀይ ጡብ 1,100 አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። የተለመደው 23 በ11 ተኩል በ6 ተኩል ሳንቲ ሜትር የሆነ የሸክላ እሳት ጡብ ሦስት ኪሎ ተኩል አካባቢ ይመዝናል። ከሱ በጣም ከቀለለ ወይ ሙቀት ማገጃ ብቻ ነው፣ ወይ ሌላ ነገር ነው። አንዱን ሰብራችሁ ውስጡን እዩ፤ ቀይ ከሆነ መልሱ። እርግጠኛ ለመሆን ስባሪውን ለአንድ ቀን ማቅለጥ አየር ማስገቢያው አጠገብ አስቀምጡት። ጠርዙ ስለታም ሆኖ ከወጣ ግዙ፤ ከተጠጋጋ አትግዙ።

መገጣጠሚያው ደግሞ ቢበዛ 2 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጣት የሚያህል ጭቃ በጡቦች መካከል የሚጠቀጥቅ ግንበኛ ለስላግ በር እየሠራ ነው።

ስላጉ መውጫው ላይ ይረጋል

ቀዝቅዟል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ከውጭ የመጣ ነፋሽ ሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን ያህል ኦክስጅን አያደርስም። ጉልበቱ ከፍ ያለ ነፋሽ ግዙ እንጂ ኮክ አታብዙ። ኖራ ጎድሎም ስላጉ እንደ ማር ሊወፍር ይችላል።

ማግኒዥያ ጡብ በካርቶኑ ውስጥ እያለ ይፈርሳል

ዝናብ ነክቶታል። ማግኒዥያ ብቻውን ከ2,800 ዲግሪ በላይ የሚችል ነገር ነው፣ ግን ውኃ ሲያገኘው አብጦ ይፈረካከሳል። ጥሬ ብረት ለሚያቀልጥ ኩፖላ አያስፈልገውም፤ «በጣም ምርጡን» ብሎ የሚገዛ ሰው ነው ክረምት ላይ የሚያለቅሰው።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ፦ ምድጃው የላይኛው ክፍል ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ባለበት ጡቡ ላይ ያሉ የብረት ነጠብጣቦች ዙሪያ ጥቁር ከሰል እየተጠራቀመ ጡቡን ይሰነጥቃል፤ ብረት የበዛበትን ጡብ እዚያ አታስገቡ። ሲሊካ ሽፋን 573 ዲግሪ ላይ ውስጡ ያለው ኳርዝ (የሲሊካ ክሪስታል) በድንገት ስለሚያብጥ ያንን ሙቀት ቀስ ብላችሁ እለፉ። በኤሌክትሪክ ኢንዳክሽን የምትሠሩ ደግሞ የፍሳሽ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ኃይሉን አጥፉ፤ ከሽፋኑ በስተጀርባ ውኃ የያዘ የመዳብ ቱቦ አለ።

አሮጌ ሽፋን ስታፈርሱ በደረቁ አትጥረጉ። የሲሊካ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፣ መድኃኒትም የለውም። ነጩ የሴራሚክ ጥጥ ለረጅም ጊዜ ከ1,000 በላይ ከሞቀ ያው አደገኛ ሲሊካ ውስጡ ይፈጠራል። አርጥቡት፣ ትክክለኛ የአቧራ ማስክ አድርጉ፤ ሻርፕ ማስክ አይደለም። ሽፋኑ ግን በቦታው የሚቀር ከሆነ ያረጠባችሁትን እንደገና አሟሹ።

ስላጉ ከወጣ በኋላ

ትኩስ ስላግ እርጥብ መሬት ላይ አይፈስስም። ከሥሩ የታሰረው ውኃ ስላጉን ወደ ፊት ይረጨዋል። ክረምት ላይ የስላግ ጉድጓዱ ውስጥ ደረቅ አሸዋ ይኑር፣ ከላዩም መጠለያ።

ከኩፖላ የሚወጣው መስታወት መሰል ስላግ ለመሠረት መሙያ ይሆናል፤ ብቻ ስለታም ስለሆነ ልጆች በባዶ እግር በሚሄዱበት መንገድ ላይ አትድፉት። የአረብ ብረት ማቅለጫ ስላግ ግን ሌላ ነው። ውስጡ ያልተዋሃደ ኖራ አለ፣ ለወራት ውኃ እየጠጣ ያብጣል። አንድ የመኪና ጋራዥ ከሌላ ከተማ በጭነት የመጣ ጥቁር ስላግ በነፃ ስላገኘ ወለሉን በሱ ሞልቶ ኮንክሪት አፈሰሰበት። በቀጣዩ መስከረም ወለሉ መሐሉ ላይ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል፣ የበሩ ብረት አልዘጋ ብሏል። የጠሩኝ «ምድጃ ስለምታውቅ» ነው። አንዱን ጉብታ አስቆፍሬ ስባሪውን በጣቴ ሳሸው ነጭ ኖራ ሆኖ ተበተነ። እንዲህ ያለ ስላግ ከመጠቀም በፊት ተፈጭቶ፣ ውኃ እየተረጨ፣ ሜዳ ላይ ወራት መክረም አለበት፤ ከዚያም ቢሆን ከቤት ወለል ሥር እኔ አላስገባውም። ሙሉውን አስወጥተው በጥቁር ድንጋይ ሞሉት። የወጣው ክምር ከግቢው በስተጀርባ አለ፤ ባለፈው ሳልፍ አንድ ሰው ለአጥር መሠረት ሊወስደው ዋጋ እየጠየቀ ነበር።